ዝምታው ወሰን ሲያልፍ

የከተማችን ልጆች በቀን ስንት ጊዜ «ደበረኝ» ይላሉ? ትምህርቱ ይደብራል፤ ሰፈሩ ይደብራል፤ መብራት ሲጠፋም፣ ታክሲ ሲዘገይም ይደብራል። ቃሉ ከመለመዱ የተነሣ ክብደቱን ጥሏል። ስለዚህም ከእውነተኛ ሕመም የመጣ «ደበረኝ» ቢነገር እንኳ ሰሚ ጆሮ አያገኝም። ሐኪሞች ለዚህ ለሁለተኛው «ድባቴ» የሚል ስም ሰጥተውታል። ለመሆኑ ከአንድ ጎረምሳ አፍ የወጣው ቃል ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ማን ይለይ? መቼስ ይለይ?

የምኖረው በየካ ክፍለ ከተማ፣ ወሰን ነው። በዚያው ሰፈር ቡና ላይ አንዲት እናት የአሥራ ስድስት ዓመት ልጇን ነገር አነሣች። ኳስ ትቷል፤ ከክፍሉ አይወጣም፤ ሌሊት አይተኛም፤ ለትንሽ ነገር ይቆጣል። ይኸው ሦስተኛ ሳምንቱ ነው። አንዲት ትልቅ ሴት «ዕድሜው ነው ልጄ፣ ያልፍለታል» አሏት። ሌላዋ «ዐይነ ጥላ ይሆናል፣ ጸበል ውሰጂው» አሉ። እኩያዋ ደግሞ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ብቻ አደራሽን፣ አማኑኤል እንዳትወስጂው፤ ስም ይወጣበታል» አለቻት። ሦስቱም የመከሯት ከቅን ልብ ነው። ይሁን እንጂ «ልጁ ራሱ ምን ይላል?» ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

እኛ ዘንድ ገበናን መሸፈን ምግባር ነው። ቤቱን የማይሸፍን ሰው አይታመንም። ግን ገበና የሚሸፈነው ለማን ተብሎ ነው? ለባለ ገበናው አይደለምን? ሽፋኑ የቤቱን ስም ጠብቆ ልጁን የሚያፍነው ከሆነ፣ ምግባሩ የቆመበትን ምክንያት አጥቷል ማለት ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላል ተረታችን፤ የሚወቅሰውም ታማሚውን ነው። በዚህ ጉዳይ ግን ብዙ ጊዜ ደባቂዎቹ እኛ ጤነኞቹ ነን።

ለአማኑኤል ሆስፒታል ያለን ፍርሃትም የራሱ ታሪክ አለው። ሆስፒታሉ በ1930 ዓ.ም.፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን ተቋቁሞ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት የሀገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ቆየ። አንድ በር ብቻ ሲኖር፣ ወደዚያ የሚደርሰው ሕመሙ እጅግ የጠናበት ሰው ነው። ሰውም ያንን እያየ ስሙን ፈራ፤ ስለፈራም ዘግይቶ መጣ፤ በመዘግየቱም ይበልጥ የሚያስፈራ ሆነ። ዛሬ በሩ አንድ አይደለም። እዚሁ አጠገባችን ያለው ኤካ ኮተቤ አጠቃላይ ሆስፒታል፣ በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ሕሙማን ማከሚያ ሆኖ ስሙ ቢገንንም፣ መጀመሪያ የታሰበው ለአእምሮ ሕክምና ነበር። መነሻው ደግሞ ቅርብ ያለ ጤና ጣቢያ ሊሆን ይችላል።

መቼ ለሚለው ሐኪሞች የሚሰጡት ልክ አለ። ኀዘኑ ወይም ብስጭቱ በየቀኑ ማለት ይቻላል እየተመላለሰ ሁለት ሳምንት ካለፈው፣ እንቅልፉን፣ ምግቡን፣ ትምህርቱንና ጓደኞቹን ከነካበት ሊታይ ይገባዋል። ድባቴ በጎረምሳ ላይ እንደ እንባ ሳይሆን እንደ ቁጣ፣ ምክንያቱ እንዳልታወቀ የራስና የሆድ ሕመምም ሆኖ ሊመጣ ይችላል። ስለ ሞት ካወራ፣ የሚወደውን ዕቃ ለሰው ማደል ከጀመረ፣ ራሱን ከጎዳ ግን ቀን አይቆጠርም፤ ያን ዕለት ብቻውን ሳይተዉ፣ መድኃኒትና መርዝ ነክ ነገር ከአጠገቡ አርቀው ወደ ሆስፒታል መውሰድ ነው።

«ባይታመምስ? በከንቱ ስም ብሰጠውስ?» የሚል ወላጅ ይኖራል። ስጋቱ ተራ አይደለም፤ በሰፈር የወጣ ስም በቀላሉ አይፋቅም። ግን ሁለቱን ስሕተቶች በሚዛን እናስቀምጣቸው። ሳይታመም ቢታይ የሚጠፋው ግማሽ ቀንና ጥቂት ኀፍረት ነው። ታሞ ሳይታይ ቢቀር የሚጠፋው ምን እንደሆነ ለመናገር ብዕር ይከብዳል። እርግጠኛ እስክሆን ልጠብቅ ማለትም ራሱ ውሳኔ ነው፤ ዋጋውን የሚከፍለው ግን ጠባቂው ሳይሆን ልጁ ነው። መርምሮ ሕመም ነው፣ አይደለም ማለት የሐኪሙ ሥራ እንጂ የወላጅ ግዴታ አይደለም።

እንዴት የሚለው ከመቼ ያላነሰ ይከብዳል። «ምን ጎደለብህ? በላህ፣ ለበስህ፣ ተማርክ!» የሚለው የለመድነው አነጋገር ጥያቄ ይምሰል እንጂ ክስ ነው፤ ልጁ የሚያገኘው መልስ ውለታ ቢስነቱን ብቻ ነው። «ሰሞኑን እንደማትተኛ አያለሁ፤ ምን ይሰማሃል?» ማለትና ከዚያ ዝም ብሎ ማዳመጥ ይሻላል። «መኖር አስጠልቶህ ያውቃል?» ብሎ በግልጽ መጠየቅም ሐሳቡን አይተክልበትም፤ እንዲያውም ብዙ ጊዜ ሸክሙን ያቀልለታል። «ዘመድ ጥየቃ ነው» ብሎ አታልሎ ሐኪም ቤት መውሰድ ግን ልጁ በሐኪሙም በወላጁም ላይ ያለውን እምነት በአንድ ቀን ያሳጣል።

ጸበሉስ? በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በእንጦጦ ጸበል የሚጠመቁ የኤች አይ ቪ ሕሙማን መድኃኒታቸውንም አብረው እንዲወስዱ በይፋ አሳስበው ነበር። አንዱ ሌላውን እንደማይሽር ያን ጊዜ ከተነገረን፣ ለአእምሮ ሕመም ሲሆን የምንረሳበት ምክንያት አይታየኝም። አማኝ ወላጅ ልጁን ወደ ተራራው ይዞ ይውጣ፤ ወደ ኮተቤም ይዞት ይውረድ። ከሁለቱም በፊት ግን ከአጠገቡ ቁጭ ብሎ ልጁን ራሱን ይጠይቀው።