የሰንጢ ዋጋ

ገንዘቡ ትንሽ የሆነ ሰው ዕቃ ሲገዛ ሁለት ፈተና ይገጥመዋል። አንደኛው ማጣቱ ነው፤ ሁለተኛው ማጣቱን ለመሸሸግ መፈለጉ ነው። የፊተኛው ነውር የለበትም። የኋለኛው ግን ሰውን ሲያታልል፥ አንዳንድ ጊዜም ሲያቆስል አይቻለሁ። አነጋገሬ ከበድ ያለ ቢመስል አንባቢ አይሳቀቅ፤ ልናገርለት የተነሣሁት በኪስ ስለምትያዘው፥ ስለቶቿ ስለሚታጠፉት ስለ ሰንጢ ነው።

በ1979 ዓ.ም. ገና ጀማሪ አስተማሪ ነበርሁ። ከደመወዜ ለእናቴ ከላክሁ በኋላ የሚተርፈኝ ጥቂት ነበር። በአንድ የገበያ ቀን ነጋዴው ከዘረጋው ጨርቅ ላይ 12 ነገር የያዘች ሰንጢ አየሁ፤ ትልቅና ትንሽ ስለት፥ መቀስ፥ መጋዝ፥ የቆርቆሮና የጠርሙስ መክፈቻ፥ ካቻቢቴ፥ ወስፌ፥ ሞረድ፥ የቡሽ መንቀያ፥ ወረንጦ፥ ሌላው ቀርቶ የጥርስ መጎርጎሪያ እንኳ ነበራት። እጀታዋ ቀይ ነው፤ ያብረቀርቃል። ከእርሷ አጠገብ ሁለት ስለት ብቻ ያላት፥ እጀታዋ የቀንድ የሆነ፥ ሰው ያገለገለባት አሮጌ ሰንጢ ተቀምጣ ነበር። ዋጋቸው እኩል ነው። እኔም «በአንድ ዋጋ 12 ከ2 ይበልጣል» አልሁና ቀይዋን ገዛሁ። አስተምር የነበረው ሒሳብ መሆኑን ሳልናገር ባልፍ ደግ ነበር።

ዛሬ ሳስበው፥ ስሕተቴ «ይህ ዋጋ ዝቅ ያለው ከምን ላይ ተቀንሶ ነው?» ብዬ አለመጠየቄ ነበር። ርካሽ ዕቃ ሁሉ አንድ የተቀነሰለት ነገር አለ። ቅን ሠራተኛ ከሚታየው ላይ ይቀንሳል፤ ጌጡን ይተዋል፥ እጀታውን ተራ እንጨት ያደርጋል፥ የስለቱን ቍጥር ያሳንሳል። ገዢውም የጎደለውን በዓይኑ አይቶ ይገዛል። ሌላው ግን ከማይታየው ላይ ይቀንሳል። እንዲህ ያለችው ሰንጢ ስለቷን ቈልፎ የሚይዝ ነገር የላትም፤ ስለቱን ክፍት አድርጎ የሚያቆመው በጀርባዋ ያለው የብረት ሞላ ግፊት ብቻ ነው። ሞላው በሚገባ ካልጠነከረ፥ ወይም ስለቱን የሚይዘው ሚስማር ከላላ፥ ያ ሁሉ መሣሪያ በጣት ላይ የተደገነ ወጥመድ ነው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የተባለው ለሰው ብቻ አይመስለኝም።

ብዙ መሣሪያ መያዝ በራሱ ክፉ ነው አልልም። በስዊስ አገር፥ በሽቪትስ፥ ኢባኽ በምትባል መንደር ካርል ኤልዘነር የሚባል ቢላዋ ሠሪ ነበረ። በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1884 የሥራ ቤቱን ከፈተ፤ በ1891 ደግሞ ለአገሩ ወታደሮች ሰንጢ ማቅረብ ጀመረ። የዚያች ሰንጢ መሣሪያዎች አራት ብቻ ነበሩ፤ ስለት፥ ወስፌ፥ የቆርቆሮ መክፈቻና ካቻቢቴ። ወታደሩ የታሸገ ምግብ ስለሚበላ መክፈቻው አስፈለገው፤ ጠመንጃውን ፈታትቶ ለማጽዳት ካቻቢቴው አስፈለገው። እያንዳንዱ መሣሪያ «ለምን ገባህ?» ቢባል መልስ ነበረው። የጀርመን አገር የዞሊንገን ፋብሪካዎች በርካሽ ይሠሩ ስለ ነበር ኤልዘነር ለኪሳራ ተቃርቦ ነበር፤ ያዳኑት ዘመዶቹ ናቸው። በ1897 ቀለል ያለችውን፥ ሁለተኛ ስለትና የቡሽ መንቀያ የተጨመረባትን የመኰንን ሰንጢ አስመዘገበ። ይህችኛዋን ሠራዊቱ አላደለም፤ የፈለገ መኰንን በራሱ ገንዘብ ይገዛ ነበር። የቡሽ መንቀያው ለውጊያ ምን እንደሚረዳ እንጃ! የአሜሪካ ከብት አርቢዎች የሚይዟትም ባለ ሦስት ስለት ሰንጢ እንዲሁ ከሥራ የተወለደች ናት፤ አንዱ ስለት ሾል ያለ ለማናቸውም ጉዳይ፥ አንዱ አፉ ቀጥ ያለ፥ አንዱ ጫፉ ደነዝ ሆኖ ጥጃ ለማኰላሸት።

ወደ ራሴ ነገር ልመለስ። ቀይዋ ሰንጢ በመምህራን ማረፊያ ስሟ ገነነ። የተበላሸ ወንበር ሲገኝ «የእርሱን ሰንጢ አምጡ» ይባላል። ሁለት ወር ሳይሞላ የትልቁ ስለት ሞላ መላላቱን ዐወቅሁ። አንድ ቀን ተማሪዬ ለትምህርት መርጃ የሚሆን ካርቶን ሊበሳ ሰንጢዋን ለመነኝ፤ ሰጠሁት። «ሞላዋ ልል ነው፥ ተጠንቀቅ» ማለት ሁለት ሦስት ቃል ነበር። አላልሁም። ያን ያህል የተመሰገነች ዕቃዬ ብላሽ መሆኗን በልጆች ፊት መናገር አሳፈረኝ። ልጁ ጫፏን ሲገፋ ስለቱ ታጠፈና ሌባ ጣቱን እስከ አጥንት ቈረጠው። ክሊኒክ ወስጄ አሰፋሁት። ቍስሉ ዳነ፤ ጣቱ ግን ከዚያ ወዲህ ደኅና አድርጎ አልታጠፈለትም።

በደሉ የማን ነው? ነጋዴውን ብዙ ጊዜ ረግሜዋለሁ። ነገር ግን እርሱም እንደ እኔ ድኻ ነበር፤ በማብረቅረቋ ተታልሎ ገዝቷት ይሆናል። ሠሪዋ ሩቅ ነው፤ እርሱም አይድንበትም። ይሁን እንጂ ያን ዕለት በክፍሉ ውስጥ ከነበርነው ሁሉ ነገሩን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር።

ድኻን «ውዱን ግዛ» ማለት ምክር አይደለም፤ ስድብ ነው። ባለፈው ዓመት በችግኝ ጣቢያ የሚሠራው የእኅቴ ልጅ ሰንጢ ልግዛ ብሎ ባማከረኝ ጊዜ ይህን አላልሁትም። «ባለፈው ሳምንት ምን ምን ቈረጥህ?» ብዬ ጠየቅሁት። ገመድ፥ ቅርንጫፍና ብርቱካን አለኝ። እንኪያስ ሁለት ስለት ይበቃሃል፤ አንዱን ለሥራ፥ አንዱን ለአፍህ አድርገው አልሁት። ገበያም አብረን ወረድን። ስለቱን በቀስታ ከፍተህ ሞላው ቀጭ ብሎ ሲይዘው ስማ፤ በሁለት ጣት ይዘህ ግራና ቀኝ ነቅንቀው፤ ወደ ብርሃን አንሥተህ በሞላውና በጎኑ መካከል ክፍተት እንዳለ ተመልከት፤ ሲዘጋም አንዱ ስለት ሌላውን የሚፍቅ እንደ ሆነ ተወው። የካርቦን ብረት በድንጋይ ቶሎ ይሳላል፥ ነገር ግን የብርቱካን ውኃ ያጠቍረዋል፥ ሳይወለወል ካደረም ይዝጋል፤ ሰነፍ ከሆንህ የማይዝገውን ውሰድ። ሰው ያገለገለባትንም አትናቅ። በሚሲዮን ትምህርት ቤት የእንጨት ሥራ ያስተምሩን የነበሩት ሽማግሌ ሰንጢ፥ ከመሳል ብዛት ስለቷ እንደ ወስፌ ቀጥኖ ነበር፤ ሞላዋ ግን እንደ አዲስ ይጮኽ ነበር።

ልጁ በጥሞና ሰማኝና «ጋሼ፥ በዚሁ ዋጋ እኮ 12 ነገር ያለባት አለች» አለኝ። ያን ጊዜ የተማሪዬን ጣት ነገር ከነሐፍረቴ ነገርሁት። ሁለት ስለት ያላትን ገዛ፤ አምኖበት ይሁን እኔን አፍሮ አላውቅም።

ቀይዋ ሰንጢ አሁንም አለች። ሽጣት ያሉኝ ነበሩ፤ ለልጆች መጫወቻ ስጣት ያሉኝም ነበሩ። ከነ12 ነገሯ በሽቦ ታስራ በጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጣለች።