ጣሪያ የሌለው ቤት

ከመርሳ ወደ ሐራ ወገን፣ ሀብሩ ቆላው ላይ፣ አንድ ሽማግሌ ነበሩ አሉ። በጎልማሳነታቸው ድሬዳዋ ወርደው ምድር ባቡር ተቀጥረው ኖረዋል። ያቺ ባቡር ስትቆም ጡረታቸውን ይዘው ወዳባታቸው መሬት ተመለሱ። አንዲት አህያ፣ አንድ በትር፣ ቁራሽ የማሽላ ማሳ፤ ያላቸው ይኸው ነው።

ማሳቸው ለባቡር ከተሠራው ድልዳል ማዶ ነው። ጧት ሲሄዱ ይሻገሩታል፤ ማታ ሲመለሱ ይሻገሩታል። ሲሻገሩ ግን እንደ ሌላው ሰው ዝም ብለው አያልፉም። ጠርዙ ላይ ሲደርሱ አህያቸውን «ቁሚ!» ይሏታል። ትቆማለች። ወደ ኮምቦልቻ ያያሉ። ወደ መቀሌ ያያሉ። ከዚያ «በይ እንሂድ» ብለው ያልፋሉ።

እረኞቹ ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ።

«አባባ፣ ባቡር እኮ የለም!»

«አዎ ልጄ፣ ዛሬ የለም» ይላሉ፤ በማግሥቱም ያንኑ ያደርጋሉ።

ቀትር ላይ፣ ከብቱ ጥላ ሲይዝ፣ ልጆቹን ሰብስበው በበትራቸው አፈሩ ላይ መሥመር ያሰምሩላቸዋል። «የድሬዳዋዋ ሐዲድ ስፋቱ ይህን ያህል ነበር፤ አንድ ሜትር። የእናንተዋ ይህን ያህል ይሆናል፤ አንድ ሜትር ከአርባ ሦስት ሳንቲም ተኩል። የእኛዋ መጀመሪያ በእንፋሎት፣ ኋላ በናፍጣ ሄደች። የእናንተዋ በመብራት ትሄዳለች።» ከጂቡቲ የመጣችው ከአዲስ አበባ ከወረደችው ጋር ድሬዳዋ ላይ ስትገናኝ ጣቢያው እንዴት እንደሚተራመስ ይነግሯቸዋል። ተሳፋሪው፣ ተሸካሚው፣ ሻጩ፣ እንግዳ ተቀባዩ፣ ሥራ ሳይኖረው ለማየት ብቻ የመጣው። «ድሬዳዋ ሁለት አቅጣጫ ነው የሚገናኝባት። ሐራ ላይ ግን ሦስት ይሆናል» ሲሉ ልጆቹ መሳቃቸውን ይተዋሉ።

በዚያው መንደር አንድ ወጣት ነበር። አጭቷል፤ ቤት መሥራት አለበት። ለመሠረት ድንጋይ ፈለገ። ድልዳሉ ሥር፣ ጎርፍ በሚያልፍበት የውኃ ማሳለፊያ አፍ ላይ፣ ግራና ቀኝ የተደረደረ ጥሩ ድንጋይ አለ። አንድ ጭነት ወሰደ። ማንም ምንም አላለውም። ሁለት ጭነት ወሰደ። መሠረቱ ጉልበት ድረስ ወጣ።

ሐምሌ ገባ። ጎርፉ ከደጋው ወረደ። አፉ ላይ ሲደርስ የሚገታው ድንጋይ አላገኘም፤ የድልዳሉን ጎን ቦርቡሮ አፈሩን ይዞ ሄደ። ከታች ያለው የሰው ማሳም ደለል ለበሰ።

ሽማግሌዎች ዋርካ ሥር ተቀመጡ። ወጣቱ ተጠራ።

«ወላሂ፣ ከማን ሰረቅሁ?» አለ። «ባቡር የለ፤ ዘበኛ የለ። ሜዳ ላይ የወደቀ ድንጋይ ነው ያነሣሁት።»

ሸንጎው ዝም አለ። ነገሩ እውነት መሰለ። ደግሞም ከተቀመጡት መካከል ከዚያው ድንጋይ ለአጥሩም ለበረቱም የወሰደ ነበረበት። ሽማግሌው አንድ ቃል ሳይተነፍሱ በትራቸውን አንሥተው ሄዱ።

ማታ ከማሳቸው ሲመለሱ ወደ ቤታቸው አላቀኑም። አህያቸውን እየነዱ ወደ ወጣቱ መሠረት ሄዱ። በር ሊሆን በተተወው ክፍተት አስገቧት። መካከሉ ላይ ካስማ መትተው አሰሯት። ሳር ጣሉላት። አህያዋ በላች፤ ፋንድያዋንም ጣለች። እሳቸው ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ።

ወጣቱ እየሮጠ መጣ።

«አባባ! ምን እያደረጉ ነው? ቤቴ ውስጥ አህያ?»

«የቱ ቤት?»

«ይኸው የተቀመጡበት!»

ቀና ብለው አዩ፤ ሰማይ ነው። ወደ ጎን አዩ፤ የጎረቤት ማሽላ ነው። «ጣሪያ አላየሁ፣ ግድግዳ አላየሁ፣ በር አላየሁ፤ ሚስትህንም አላየኋት። ሜዳ መስሎኝ ነው» አሉ።

«ይመጣል እንጂ! ቆርቆሮው ወልድያ ተከፍሎበታል። እሷም ማሽላው ሲገባ ትመጣለች። ለሽምግልና የላክሁትስ እርስዎን አይደል እንዴ?»

«እኔን ነው» አሉ።

ተነሡ። አህያዋን ፈቱ። የተበተነውን ሳር ለቀሙ። ፋንድያውን በእጃቸው አፍሰው ወደ ውጭ ጣሉ፤ ካስማውን ነቅለው ጉድጓዱን በእግራቸው ደለደሉ። በቆርቆሮ እንደተከደነ፣ ሰው እንደሚኖርበት ቤት፣ በበሩ በኩል ጎንበስ ብለው ወጡ።

ወጣቱ እስኪጨልም ከመሠረቱ ላይ አልተነሣም። ጎህ ሲቀድ ከብት ያወጡ እረኞች የተጫነ አህያ ወደ ድልዳሉ ሲሄድ አዩ። በዚያ ሳምንት ለአጥርና ለበረት የተወሰደውም ድንጋይ አንድ በአንድ ተመለሰ። ወጣቱ ለቤቱ ድንጋይ ከወንዝ ለቀመ። ሠርጉ ወደ ጥር ተገፋ።

ሰዎቹ የምሳሌ ናቸው፤ የባቡሩ ሥራ ግን እውነት ነው። ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ ወልድያ አጠገብ እስከ ሐራ ገበያ የሚደርሰው 390 ኪሎ ሜትር ግድም መሥመር፣ ያፒ መርከዚ ከተባለው የቱርክ ተቋራጭ ጋር እ.ኤ.አ. በ2012 በ1.7 ቢሊዮን ዶላር ተፈረመ። ከመቀሌ የሚወርደውን መሥመር የቻይና ተቋራጭ ያዘው። ሦስተኛው በሰመራ በኩል ወደ ታጁራ ወደብ እንዲወርድ ታቀደ። ሦስቱም እንዲገናኙ የታሰበው ሐራ ላይ ነው። ቀጥሎ ገንዘቡ አጠረ፣ መብራቱ ዘገየ፤ በ2013ና በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነቱ በወልድያና በመርሳ ላይ አለፈ። ብዙ ሰው ዘመዱን ባጣበት ምድር ስለ ባቡር ማንሣት ይከብዳል፤ ቢሆንም ማሽላውንና የመርሳን ፍራፍሬ ወደ ሩቅ ገበያ የሚያደርስ መንገድ ለዚሁ ለተጎዳው ሰው ነው የሚያስፈልገው።

የፊተኛዋም ባቡር ቢሆን ፈጥና አልደረሰችም። ሥራዋ ከጂቡቲ እ.ኤ.አ. በ1897 ተጀምሮ ድሬዳዋ በ1902 ገባች፤ አዲስ አበባ የደረሰችው ግን በ1917 ነው። በመካከሉ የመጀመሪያው ኩባንያ ከስሮ በሌላ ተተክቷል። ለእነዚያ አሥራ አምስት ዓመታት ለሸዋ ሰው ባቡር ወሬ ነበረች።

ገንዘቡንና መብራቱን የሀብሩ ገበሬ ሊያመጣ አይችልም፤ ያ የመንግሥት ዕዳ ነው። ውኃ ማሳለፊያው ግን ደጁ ላይ ነው። ጎርፍ አፉ ላይ ሲቆም ድልዳሉን ብቻ አይበላም፤ ከሥሩ ያለውን ማሳም ይወስዳል። ስለዚህ ግንቦት ሳያልቅ፣ ሐምሌም ሳይመጣ፣ የቀበሌ ሽማግሌዎች ጎልማሶቹን ይዘው እያንዳንዱን አፍ በእግራቸው ሄደው ይዩት፤ የተደፈነውን ይጥረጉ፣ ድንጋዩ የጎደለውንም ለወረዳው ያስታውቁ።