ራሱን የቻለ ነገር አለ ወይ?

ካዛንቺስ ባለው ቢሯችን አዲስ የሚቀጠሩ ልጆችን ኮድ የማየው እኔ ነኝ። የላኩልኝን ክላስ ስከፍት ከሁሉ በፊት የማነበው ኮንስትራክተሩን፣ ማለትም ክላሱ ሲፈጠር የሚሠራውን ክፍል ነው። ክላሱ ሥራውን ለመሥራት ምን ምን እንደሚያስፈልገው እዚያ ላይ በግልጽ ከተናገረ ደስ ይለኛል። ካልተናገረ ወደ ውስጥ ገብቼ መስመር በመስመር እፈልጋለሁ፤ ብዙ ጊዜ ከአንዱ ፈንክሽን መሃል፣ የሚያስፈልገውን እዚያው የሚፈጥረው «ኒው» የሚለው ትእዛዝ ተሸሽጎ ይገኛል።

የኦንላይን ሱቅ እንውሰድ። የደንበኛን ትዕዛዝ የሚያስተናግደው ክላስ ክፍያ መቀበል አለበት። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሲመጣ አንዱ ፕሮግራመር የቴሌብሩን ክላስ እዚያው ትዕዛዙ ክላስ ሆድ ውስጥ በ«ኒው» ይፈጥረዋል። በነሐሴ 2015 ኤም-ፔሳ ሲጨመር ያንን ሆድ እንደገና መክፈት ግድ ይሆንበታል። ቴስት ልጻፍ ቢልም የክፍያውን መሥመር ሳይነካ የትዕዛዙን ሥራ ብቻ ለይቶ መሞከር ይቸግረዋል። ሌላው ፕሮግራመር ክላሱ በኮንስትራክተሩ «ክፍያ መፈጸም የሚችል ስጡኝ» ብሎ እንዲጠይቅ አድርጎ ይጽፈዋል። የሚጠይቀው ኢንተርፌሱን፣ ማለትም የሥራውን ውል ብቻ ነው፤ ማን እንደሚመጣለት የሚወሰነው ከውጭ ነው። ዛሬ ቴሌብር፣ ነገ ኤም-ፔሳ፣ በቴስት ጊዜ ደግሞ የከፈለ የሚያስመስል ክላስ ይሰጡታል። ማርቲን ፋውለር በ2004 እ.ኤ.አ. በጻፈው ጽሑፍ ዲፔንደንሲ ኢንጄክሽን የሚለውን ስም ያስለመደው ለዚህ አሠራር ነው። ዛሬ በጃቫ ስፕሪንግ፣ በፒኤችፒ ላራቬል ያለዚህ አይታሰቡም።

ይህን ለአንዲት አዲስ ሠራተኛ ሳስረዳ በጥሞና ሰማችኝና «ታዲያ ይሄ ክላስ ብቻውን ምን ይችላል?» አለችኝ። የፕሮግራም ጥያቄ አልመሰለኝም። ሁሉን ከውጭ የሚቀበል ነገር ምሉዕ ነው ወይ? የሰው እጅ ማየት ውርደት እንደሆነ እየተነገረው ያደገ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ነው።

እኔ የምለው ይህን ነው፤ በሆዱ ውስጥ «ኒው» የሚለው ክላስ ከሌላው ያነሰ ነገር አያስፈልገውም። ቴሌብር ሲቋረጥ እሱም ይቆማል። ልዩነቱ ሁለተኛው ክላስ የሚያስፈልገውን ሲናገር የመጀመሪያው መደበቁ ነው፤ የደበቀ ደግሞ ከቦታው ሊነሳ አይችልም። ወደ ሌላ ፕሮጀክት ልውሰድህ ብትለው ማንም ያላወቃቸው ሥሮቹ አብረው ይነቀላሉ።

በሰው ላይ ይህን ያየሁት እትዬ ብዬ በምጠራት አክስቴ ነው። ካዛንቺስ በቀበሌ ቤት ኖራ፣ በ2017 ዓ.ም. ሰፈሩ ለልማት ሲነሳ ወደ ከተማዋ ዳር ሄደች። የተሰጣት ቤት ከቀድሞው ይሻላል፤ ውኃው ከውስጥ ነው፣ ጣሪያው አያፈስም። ግን በሳምንቱ ደውላ የነገረችኝ ስለ ቤቱ አልነበረም። ደም ግፊቷን የምትለካላት ነርስ ሁለት በር አልፋ ትኖር ነበር። ሽንኩርት በዱቤ የምትሰጣት ሴት፣ ቡና ሲፈላ ሳትጠራ የምትመጣ ጎረቤት፣ የእድሩን ድንኳን የሚተክሉት ጎረምሶች፣ ጠዋት በእግሯ የምትደርስበት ቤተ ክርስቲያን ነበሯት። ዕቃ ሲጫን ከእነዚህ አንዱም በዝርዝሩ አልነበረም፤ እሷ ራሷም አስመዝግቢ ቢሏት ትዝ አይላትም ነበር። «እኔ ሰው አላስቸግርም፣ ራሴን ችዬ ነው የኖርኩት» ስትል ሰምቻታለሁ፤ ዋሽታ አይደለም፣ ከልቧ ነው። አርባ ዓመት ሙሉ ሰፈሩ በዝምታ ሲሰጣት ኖሮ መቀበሏን አላየችውም። በከተማችን ከታሰበባቸው ነገሮች መሃል ይህ የጎደለ ይመስለኛል፤ ሰው ሲነሳ ከቤቱ ካሬ ሜትር ጋር «ያለማን መኖር አትችይም?» የሚል ጥያቄም አብሮ ቢጠየቅ ደግ ነበር። እድር የእርስ በርስ መደጋገፋችንን በመዝገብ ላይ በስም ይጽፋል፤ ለዚህ ነው የማከብረው።

መቀበል ውርደት ካልሆነ የሚቀጥለው ጥያቄ ይከብዳል። ሰጪውስ ከማን ተቀበለ? የክፍያው ክላስ መልእክት ላኪ ክላስ ይጠይቃል፣ መልእክት ላኪው አድራሻና ቁልፍ ይጠይቃል። ክላሶችን የሚገጣጥመው የላራቬል ኮንቴይነር ኮንስትራክተሮችን እያነበበ፣ የሚጠየቀውን እየተከተለ ይወርዳል፤ ምንም የማይጠይቅ ነገር ላይ ሲደርስ ብቻ መፍጠር ይጀምራል። ማለቂያ የሌለው ሰንሰለት ቢገጥመው አንዲት ኦብጀክት እንኳ አትወለድም። ከኮድ ብዙ ቀደም ብሎ፣ በ1037 እ.ኤ.አ. የሞተው ፈላስፋ ኢብን ሲና መኖሩን ከሌላ የሚቀበል ሁሉ በመጨረሻ ከማንም ወደማይቀበል ሊያደርስ ይገባዋል ብሎ ተከራክሯል። በዘርዓ ያዕቆብ ስም በሚታወቀው ሐተታም ይኸው መንገድ ከወላጅ ወደ ወላጅ እየወጣ፣ ያልተፈጠረ ፈጣሪ ላይ ይቆማል። ሐተታውን የጻፈው የ17ኛው ክፍለ ዘመን ኢትዮጵያዊ ነው ወይስ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው ጣሊያናዊ ሚስዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የሚለው ሙግት አላለቀም፤ ክርክሩ ግን በማንም ቢጻፍ ክርክር ነው።

አጠገቤ የሚቀመጠው ባልደረባዬ በዚህ አይስማማም። ሰንሰለቱ ማለቅ ያለበት ለኮንቴይነር ነው፣ ዓለም ደግሞ ኮንቴይነር አይደለችም ይላል። ልክ ነው፤ ከላራቬል ተነስቶ እግዚአብሔርን ማስረዳት አይቻልም። እንዲያውም ምሳሌው የሚሰበርበትን ቦታ አሳየዋለሁ። በፕሮግራም ውስጥ ምንም የማይጠይቀው ነገር ከሁሉ ትንሹ ነው፤ አንድ ቁጥር፣ አንድ አጭር ጽሑፍ። ለሁሉም የሚያከፋፍለው ክፍል ደግሞ ሁሉም መጥቶ የሚገጣጠምበት ፋይል ነው፤ ያን የምጽፈው እኔ ነኝ፣ እኔ ደግሞ መብራትም፣ ደመወዝም፣ እናትም የሚያስፈልገኝ ሰው ነኝ። ምንም አለመፈለግና ሁሉን መስጠት በኮድ ውስጥ በአንድ አካል ሲገናኙ አላየሁም። እምነቴ ተገናኝተዋል ትላለች፤ እኔም ይህን የማምነው ኮድ አስተምሮኝ አይደለም።

ሌላም አለ። ሀ የተባለ ክላስ ለመፈጠር ለ የተባለውን ቢፈልግ፣ ለ ደግሞ ሀን ቢፈልግ በኮንስትራክተር በኩል ሁለቱም አይፈጠሩም። ስፕሪንግ ዙሩን በሌላ መንገድ ሲታገሥ ኖሮ፣ ስፕሪንግ ቡት በ2021 እ.ኤ.አ. ከወጣው 2.6 ጀምሮ ካልተፈቀደለት በቀር አይቀበለውም። መፍትሔው ሁለቱም የሚደገፉበትን ሦስተኛ ነገር አውጥቶ ለብቻው ማቆም ነው። ይህን ስጽፍ ሁልጊዜ የሚታወሰኝ ካዛንቺስ ያለበት ክፍለ ከተማ በስሙ የሚጠራው ሕፃን ነው። ቅዱስ ቂርቆስ በቤተ ክርስቲያናችን ታሪክ የሦስት ዓመት ልጅ ነው፤ ይዛው የተሰደደችው፣ ያበላችው፣ ያቀፈችው እናቱ ኢየሉጣ ናት። ሊጣሉበት የፈላው ጋን ፊት ሲደርሱ ግን ፈርታ ወደኋላ ያለችው እሷ፣ ያጸናት እሱ ነው። ተሸካሚዋ በተሸከመችው ተደገፈች። ሁለቱ ብቻ ቢሆኑ ዙር ነበር፤ አንዱ የሌላውን እጅ ይዞ ሁለቱም በወደቁ ነበር። ሐምሌ 19 የምናከብረው ሦስተኛው ስለመጣ ነው። እሳቱን ያበረደው መልአኩ ገብርኤልም ቢሆን በራሱ አልመጣም፣ ተልኮ ነው። ባልደረባዬ ላኪውን ማን ላከው ይለኛል፤ እኔ የሐተታው ክርክር የቆመበት ላይ እቆማለሁ፣ እሱ ደግሞ መውጣቱን ይቀጥላል።