የዕረፍቱ ቀን

መቼም ሐዋሳ ውስጥ ኮምቦኒ የሚለውን ስም ያልሰማ ሰው ማግኘት ያስቸግራል፤ ብዙዎቻችን ግን የምናውቀው በትምህርት ቤት ስምነት ነው። እኛም እንደዚያው ነበርን። ዘንድሮ ካቶሊክ የሆነው የማደሪያ ክፍላችን ልጅ ለቅዱስ ዳንኤል ኮምቦኒ በዓል አስቀድሶ ሲመለስ አሞራ ገደል ዓሣ እየበላን አገኘንና ያዝነው። «ምኑን ነው የምታከብሩለት? ልደቱን?» ብንለው «አይ፣ ሞቱን» አለን።

ነገሩ እንግዳ ሊሆንብን ባልተገባ ነበር። ስንክሳርም ቅዱሳንን በሞቱበት ቀን ያነሣል፤ ሞቱንም ዕረፍት ይለዋል። ነሐሴ 24 የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ዕረፍት አይደል? የሮማ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ያንኑ ቀን የልደት ቀን ትለዋለች፤ ለሰማይ የተወለዱበት ማለቷ ነው። እስከዚህ ተስማማን።

ያላስማማን የሰውየው ታሪክ ነው። ኮምቦኒ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1831 ጣልያን አገር፣ ሊሞኔ በምትባል የሐይቅ ዳር መንደር ተወለደ። በ1857 ወደ ሱዳን ጉዞ ጀመረ፤ ከጓደኞቹ ከፊሎቹን ትኩሳት ገደላቸው፣ እሱም ታሞ ወደ አገሩ ተመለሰ። በ1864 አፍሪካን በአፍሪካ ማዳን የሚል ዕቅድ አወጣ። (ያን ጊዜ ከአውሮፓዊ አፍ «ማዳን» ሲባል ዛሬ ጆሯችን ይቆማል። ዳሩ ግን አፍሪካዊው ራሱ መምህርም ካህንም ይሁን ማለት ለዘመኑ ቀላል ነገር አልነበረም።) እንደገና ሄደ። ኦክቶበር 10 ቀን 1881 ካርቱም ላይ በ50 ዓመቱ ሞተ። የመሐዲ ጦርም የተከለውን ሁሉ ነቃቀለበት፤ በ1885 ካርቱም ራሷ ወደቀች።

«ታዲያ የምታከብሩት ሽንፈቱን ነዋ!» አልነው።

«ቆይ እንጂ» አለ ልጁ። በ1964 የሱዳን መንግሥት ሚሲዮናውያንን ከደቡቡ ክፍል ሲያባርር የኮምቦኒ ተከታዮች ወደ ሲዳማ መጡ፤ ትምህርት ቤቱም ከዚያ በኋላ የመጣ ነው። ፍሬው ይኸው፣ ይላል።

መልሱ ደስ ቢልም አላረካንም። የሚከበረው ፍሬው ከሆነ ትምህርት ቤቱ የተከፈተበትን ቀን ማክበር አይሻልም ነበር? ቤተ ክርስቲያን የመረጠችው እኮ ምንም ያልታየበትን ቀን ነው። ሰውየው ዓይኑን ሲከድን ሐዋሳን አያውቃትም፤ በ2003 ቅዱስ ተብሎ እንደሚታወጅም አያውቅ። በእጁ የነበረው መቃብርና የተጀመረ ሥራ ብቻ ነው። የበዓሉ ትርጉም እዚሁ ላይ ያለ ይመስለናል፦ ሳያይ እስከ መጨረሻው መቆየቱ።

ከመካከላችን አንድ ኮርስ የወደቀ ጓደኛ አለን። «እንግዲያው እኔም ቅዱስ ነኛ!» ብሎ አሳቀን። ሄዶ የወደቀና ጭራሽ ያልሄደ አንድ አይደሉም ብለን ልንከራከረው ስንል ግን ፊቱ ተለወጠ። «ሄጄ ነበር እኮ። ሌሊቱን ሙሉ ሳነብ የነበርኩትን ማን ያውቅልኛል? ተከታይ የሌለውን ማን ያከብረዋል?»

ካቶሊኩ ልጅ ኖቬምበር 1 የቅዱሳን ሁሉ ቀን ነው፣ ስማቸው ያልታወቀውም ይታሰባሉ አለው። ዝም አለ። ዓሣውን ጨርሰን ተነሣን። ለእናቱ እስካሁን አልደወለላትም።