አሥራ አምስተኛው አጋሰስ

አንድ ሲራራ ነጋዴ ነበረ አሉ። ከወለጋ ቡና ጭኖ በባኮ፣ በጉደር፣ በአምቦና በጊንጪ አድርጎ ወደ አዲስ አበባ የሚመላለስ። ዘመኑ ምኒልክ አዲስ ዓለምን መናገሻቸው ሊያደርጉ ቤተ መንግሥት የሚያሠሩበት፣ በ1890ዎቹ ነው። ምሳሌ ነውና የነጋዴውን ስም አትጠይቁኝ፤ ኬላዎቹንም ካርታ ላይ አትፈልጓቸው።

ነጋዴው አሥራ አምስት አጋሰስ ነበረው። አሥራ አራቱ ቡና ጭነዋል። አሥራ አምስተኛው ስንቅና ድንኳን ተጭኖ ከላዩ የአሥር ዓመት ልጅ ተቀምጦበታል። ልጁን የወለደው ከፊተኛዋ ሚስቱ ነው። አያቱ ዘንድ ስላደገ፣ ከአባቱ ጋር ውሎ ሲያድር ይህ ጉዞ የመጀመሪያው ነበር።

ጉደር ወንዝ ዳር የመጀመሪያው ኬላ አለ። ከኬላው ወዲህ፣ ከዋርካው ሥር፣ ለመንገደኛ ምክር እየሸጠ የሚኖር ሰው ይቀመጣል። ነጋዴውን ጠራው።

«ወንድሜ፣ ያ ኋላ ያለው ልጅ ያንተ ነው?»

«የኔ ነው።»

«እንግዲያው ጣጣ ነው። እናቱ የት ናት ይሉሃል። ልጅህ ለመሆኑ ምስክር አምጣ ይሉሃል። በታችኛው መሻገሪያ ዞሮ ይምጣና ማዶ ተገናኙ። ስንቱን እንዲህ አሳልፌዋለሁ መሰለህ!»

ነጋዴው አንድ አሞሌ ከፈለውና ወደ ኬላው ሄደ። ጸሐፊው ብዕሩን አጥቅሶ ጠየቀ፤ «ስንት አጋሰስ? ስንት ነፍስ? እዚህ የምጽፍልህን አዲስ ዓለም ያለው ያነበዋል።»

«አሥራ አራት አጋሰስ። እኔና ሁለት አሽከሮቼ።»

«ከእነዚህ ሌላ የኔ የምትለው አለ?»

«የለም።»

ማኅተሙ ተመታ። ልጁ እስከ ወገቡ ርሶ ማዶ ተቀላቀላቸው። «አባዬ፣ እኔን ለምን በዚያ አዞርከኝ?» ቢለው «ውኃው በዚያ ይሻላል ብዬ ነው» አለው።

አዲስ ዓለም የደረሱት የዓመቱ መዝገብ ሊዘጋ አንድ ቀን ሲቀረው ነው። የኬላው ሹም ወረቀቱን አነበበ፤ አጋሰሶቹን ቆጠረ፤ ደግሞ ቆጠረ። ከዚያ ልጁ ላይ ዓይኑ አረፈ።

«አንተ የማን ልጅ ነህ?»

«የሱ» አለ ልጁ፣ በጣቱ እያሳየ።

ነጋዴውን ላብ አጠመቀው። አላውቀውም ቢል ቡናው ያልፋል፤ አፉን ከፍቶም ነበር። ልጁ ግን ያየዋል። «ልጄ ነው፣ ጌታዬ» አለ።

«እኔም ልጅህ መሆኑን አምናለሁ፤ አፍንጫችሁ አንድ ነው» አለ ሹሙ። «ወረቀትህ ግን ልጅ የለኝም ይላል። ከጉደር ወዲህ የተወለደ ቢሆን ኖሮ እዚሁ ጽፌ ባሳለፍኩህ። ይህ ልጅ ግን የወተት ጥርሱን ነቅሏል። ጉደር ላይ ነበረ።»

«አሁን ይጻፍልኝ። ቀረጡንም እጥፍ እከፍላለሁ።»

«ቀረጥ አላነሰህም። ለልጁ ጉደር ላይ የሚከፈል ነገር አልነበረም እኮ። የጎደለው ቃልህ ነው። እሱን ደግሞ የሚቀበለው የመጀመሪያው ኬላ እንጂ እኔ አይደለሁም።»

አሥራ አምስቱም አጋሰስ ወደ መጡበት ዞሩ። ጉደር ሲደርሱ መዝገቡ ተዘግቷል። ከዋርካው ሥር ያ ሰው ሌላ ነጋዴ ያማክራል።

ምሳሌው እዚህ ላይ ያበቃል። የዛሬው ጉደር ፎቶ ቤት ነው፤ ወይም ሁለት ኮምፒውተር ያለው ኢንተርኔት ቤት። የዛሬው አዲስ ዓለም ደግሞ እንጦጦ መንገድ ላይ ያለው የአሜሪካ ኤምባሲ የቃለ መጠይቅ መስኮት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ ዲቪ፣ የአሜሪካ የቪዛ ዕጣ፣ ይባላል።

በ1990 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ ለዲቪ በዓመት እስከ 55,000 ቪዛ ይመድባል። ዕጣ የሚወጣላቸው ሰዎች ግን ከነቤተሰባቸው ከ100,000 የሚበልጡባቸው ዓመቶች አሉ። ስለዚህ «ዲቪ ደረሰው» ማለት ቪዛ አገኘ ማለት አይደለም፤ ጉደርን ተሻገረ ማለት ነው። የአሜሪካ የበጀት ዓመት መስከረም 20 ላይ፣ በፈረንጅ ሴፕቴምበር 30፣ ሲዘጋ የዚያ ዓመት ዕጣ አብሮ ይሞታል። ለከርሞ ይተላለፍልኝ ማለት የለም።

የዲቪ ማመልከቻ ቅጹ ስለ ልጆች የሚጠይቀው ቀላል ነው፤ ሰው የሚወድቀውም እዚያው ላይ ነው። በሞላህበት ዕለት ያለህን፣ ከ21 ዓመት በታች የሆነና ያላገባ ልጅ ሁሉ አስገባ ይላል። አብሮህ ባይኖርም፣ አሜሪካ ይዘኸው ባትሄድም። የእንጀራ ልጅና በሕግ ያሳደግኸው ጭምር። የሚቀረው ቀድሞ የአሜሪካ ዜጋ የሆነው ወይም ግሪን ካርድ ያለው ብቻ ነው። ሚስትም ተኳርፋችሁ ተለያይታችሁ ብትኖሩ እንኳ፣ በፍርድ ቤት እስካልተፋታችሁ ወይም እስካልተለያያችሁ ድረስ ትጻፋለች። ከሞላህ በኋላ የተወለደ ልጅ በማስረጃ ይጨመራል። ያኔ የነበረውንና ያልተጻፈውን ግን ቆንሲሉ በኋላ ቢያገኘው የሚከለከለው ልጁ ብቻ አይደለም፤ አባትም እናትም የተጻፉት ልጆችም ናቸው። ለእያንዳንዳቸው የተከፈለው 330 ዶላርም አይመለስም።

ይህን ያህል ከባድ ከሆነ ሰው ለምን ይደብቃል? እኔ ነጋዴውን ለመውቀስ አልቸኩልም። ልጁ አያቱ ዘንድ ገጠር ነው፤ የልደት ምስክር ወረቀት የለውም። በአገራችን የልደት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው ገና በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ነው፤ ከዚያ በፊት የተወለደ ልጅ ዕድሜው የሚታወቀው በክርስትና ቀኑ ወይም «ማሽላ በተወቃ ጊዜ» በሚል ነው። ከትዳር ውጪ የተወለደም አለ፤ የአሁኗ ሚስት አታውቀውም፤ ቅጹ ደግሞ የሚሞላው እሷ አጠገብ ተቀምጣ ነው። በዚህ ላይ ያ ከዋርካው ሥር ያለ ሰው አለ። «ቤተሰብ ሲያንስ ዕጣው ቶሎ ይወጣል» ይላል። ዕጣው የልጅ ቁጥር አያይም። ሰውየው ግን ሂሳቡን ተቀብሏል፤ የማረጋገጫ ቁጥሩም አንዳንዴ የሚቀረው እሱ ስልክ ላይ ነው። ኤምባሲው መስኮት ፊት አንተ ስትቆም እሱ እዚያ አይገኝም።

በተገላቢጦሽ የሰው አጋሰስ የኔ ነው ብሎ የሚያስጽፍም ሞልቷል። ዕጣ የወጣላትን ልጅ ወጪዋን ችሎ፣ ለወረቀት ብቻ የሚያገባ ማለቴ ነው። ዕጣ ከወጣ በኋላ መጋባት በራሱ አልተከለከለም፤ እውነተኛ ትዳር ያልፋል። የውሸቱ ሲያዝ ግን ጉዳዩ በአንድ ዓመት ዕጣ አያበቃም። አውቆ ማጭበርበር በአሜሪካ ሕግ ዕድሜ ልክ ከቪዛ የሚያስከለክል ነው፤ ይቅርታው ጠባብ ነው።

የአሜሪካ ፖለቲካ በሩን ሲያጠብና ሲያሰፋ ይኖራል፤ ስለዚያ የምናደርገው የለም። እኔን የሚያሳዝነኝ በገዛ እጃችን የምንዘጋው ነው። ከዚያ ይልቅ የሚያሳዝነኝ ያ ልጅ ነው። አባቱ አንድ ቀን ቃለ መጠይቁ የወደቀው ባንተ ምክንያት ነው ይለዋል። ወገቡ ድረስ የረሰው እሱ፣ ጥፋተኛም እሱ።

እንግዲህ ቅጹ ሲከፈት፣ ብዙ ጊዜ እንደሚሆነው በመስከረም ማለቂያና በጥቅምት፣ ፎቶ ቤት ወይም ኢንተርኔት ቤት የምትሄድ አንባቢ ከሆንህ፣ ከመሄድህ በፊት አያቱ ዘንድ ደውልና የልጁን ሙሉ ስምና የተወለደበትን ቀን ጠይቅ። ፎቶውንም በዚያው ሳምንት አስነሥተው ይላኩልህ።