የወታደር ክብር በመንግሥት ለውጥ አይሻር

በየዓመቱ ሚያዝያ 27 ቀን አራት ኪሎ በአርበኞች በዓል ትደምቃለች። ጎፈር የደፉ፣ ካባ የደረቡ፣ ደረታቸው በሜዳሊያ የተሸፈነ አዛውንቶች በሐውልቱ ዙሪያ ይቆማሉ። ባለሥልጣናት የአበባ ጉንጉን ያኖራሉ፣ ሽለላና ፉከራ ይሰማል። በ1933 ዓ.ም. ነጻነቷን ያስመለሰች አገር ይህን ቀን ማክበሯ ተገቢ ነው። ሥነ ሥርዓቱ ሲያበቃ ግን ሜዳሊያውን እንዳጠለቀ የታክሲ ሰልፍ የሚይዝ አዛውንት ይታያል፤ ወጣቱም ዞር ብሎ ሳያየው ያልፋል። ከዚህ ግዴለሽነት የሚብስ ሌላ ጥፋት አለብን። ወታደሩን የምናከብረው በዘመተበት ጊዜ የነበረውን መንግሥት ስንወድ ብቻ ነው።

በላይ ዘለቀ በጎጃም የጣሊያንን ጦር መውጫ መግቢያ ያሳጣ አርበኛ ነበር። ነጻነት በተመለሰ በአራተኛው ዓመት፣ በ1937 ዓ.ም.፣ በዐመፅ ተከሶ አዲስ አበባ ላይ ተሰቀለ። ስለ ክሱ ታሪክ ጸሐፊዎች ይከራከሩ፤ ለጠላት አድረው ከነበሩት አንዳንዶቹ ሹመት ሲያገኙ እሱ በገመድ መሞቱ ግን እስከ ዛሬ ያንገበግባል። በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ መዝመት የጀመረው ቃኘው ሻለቃም ከ120 በላይ ሰዎች ሞተውበት፣ ከ500 በላይ ቆስለውበት፣ አንድም ሰው ሳይማረክበት ተመለሰ። አብዮቱ ሲመጣ፣ የተዋጉት ከኮሚኒስቶች ጋር ነበርና፣ ያ ዘመቻ ማኩራቱ ቀርቶ ማስጠርጠር ጀመረ። ደቡብ ኮሪያውያን በቹንቾን ከተማ ሐውልትና መታሰቢያ አዳራሽ ሲሠሩላቸው፣ በገዛ አገራቸው ብዙዎቹ ተረስተው በችግር አረጁ። ደርግም በተራው ወደቀ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. የሶማሊያን ወረራ የመከተ፣ ካራማራ ላይ ደሙን ያፈሰሰ ወታደር በ1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተን “የደርግ ወታደር” ተባለ። ድንበር ሲጠብቅ እግሩን ያጣ ሰው በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ እጁን ዘርግቶ ተቀመጠ። ሦስት መንግሥታት በተፈራረቁበት ዘመን በደሉ ያው ነው።

“ያው የደርግ ሠራዊት በሰሜን ወገኑን ወግቷል፤ እንዴት ይከበራል?” የሚል ሰው ይኖራል። ጥያቄው ከባድ ነው፤ በዚያ ጦርነት ልጁን ያጣ ቤተሰብ በማንም ሊገሠጽ አይገባም። ሆኖም ግፍ የፈጸመ ሰው በስሙ ተጠርቶ በሥራው ይጠየቅ እንጂ፣ በአዋጅ ተጠርቶ የዘመተ የገበሬ ልጅ ስለ መሪዎቹ ጥፋት ለምን ይዋረዳል? ይህ በተቃራኒው ጎራ ተሰልፎ አካሉን ላጣ ታጋይም ይሠራል። ሌሎች ደግሞ ዘማችን ማክበር ጦርነትን ማወደስ ነው ይላሉ። እኔ ግን ጦርነትን የሚያቀልለው ፉከራውን ብቻ የሰማ ሰው ይመስለኛል። በጣሊያን ወረራ ከአውሮፕላን የተረጨው መርዝ የሰው ቆዳ እንዴት እንደላጠ፣ ዓይን እንዴት እንዳጠፋ ከተረፉት አንደበት የሰማ ሰው ጦርነትን አይናፍቅም። አገራችን ድሃ ናት የሚለው መከራከሪያ ብዙም አያስኬድም። በወረፋ ቅድሚያ መስጠት፣ በዕድሩ ያለ አቅመ ደካማ ዘማችን በተራ መጠየቅ፣ የጡረታ ጉዳዩን ለሚያስፈጽም አዛውንት ማመልከቻ መጻፍ ካዝና አያራቁትም።

የአምስቱ ዓመት አርበኞች ከሞላ ጎደል አልፈዋል፤ ብዙዎቹ ያዩትን ማንም ሳይጽፍላቸው ይዘውት ሄዱ። በኮሪያ የዘመቱት ጥቂት ቀርተዋል፤ ካራማራ ላይ በሃያ ዓመቱ የተዋጋው ወጣት ዛሬ ወደ ሰባ እየተጠጋ ነው። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ በቤትህ ወይም በሰፈርህ ዘማች ካለ የሚቀጥለውን በዓል አትጠብቅ። በዚህ ሳምንት ሂድና ከጎኑ ተቀመጥ፤ ፈቃዱን ጠይቀህ ድምፁን በስልክህ ቅዳ። የትኛው ክፍለ ጦር ውስጥ እንደነበረ፣ የት እንደቆሰለ፣ አብረውት ዘምተው ያልተመለሱት እነማን እንደነበሩ ጠይቀው፤ ስማቸውንም በሙሉ ጻፍ።