ቁልቁለቱን በማርሽ ውረደው

ልጄ፣ ፍሬን ስትይዝ መኪናው ከተንዘፈዘፈ፣ መሪው በእጅህ ላይ ከተንቀጠቀጠ፣ የፍሬኑ ታምቡር ክብነቱን አጥቷል ብለህ ጠርጥር። የነፋስ ፍሬን ያለው ከባድ መኪና ፔዳሉ እግርህን እየገፋ አይነግርህም፤ የምታውቀው በመቀመጫህና በመሪህ ነው። ያን ጊዜ «ዕቃው የማይረባ ነው» ለማለት አትቸኩል። «ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል» ይባላል። አብዛኛውን ታምቡር የሚያጣምመው አያያዛችን ነው።

ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ ድልድይ የሚወስደውን መንገድ ታውቀዋለህ። ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው። ከነተሳቢው 40 ቶን የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት ወደ ሙቀት ቢለወጥ ከ1,000 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። ሞተሩ ካልተጋራው ከዚህ ሙቀት አብዛኛው ታምቡሩ ላይ ያርፋል። ብረት ሲግል ይሰፋል፤ ታምቡሩ ሲሰፋ ከፍሬን ሸራው ይርቃል፤ ፍሬኑ ሲላላብህ አንተ ይበልጥ ትረግጣለህ፤ በረገጥህ ቁጥር ደግሞ ይበልጥ ይግላል። እንዲህ የጋለ ታምቡር ሲቀዘቅዝ ወደ ቀድሞ ክብነቱ ላይመለስ ይችላል።

ስለዚህ ማርሽ የሚቀነሰው ቁልቁለቱ ሳይጀምር ነው። ፍጥነት ከያዝህ በኋላ ልቀንስ ብትል ማርሹ እምቢ ይልና በፎሌ፣ ያለ ማርሽ ትቀራለህ፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው። የሞተር ፍሬኑን ክፈት። እግርህን ፍሬኑ ላይ አሳርፈህ አትውረድ። ለመንገዱና ለጭነትህ የሚሆነው ፍጥነት በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ከሆነ፣ እዚያ ሲደርስ ጠበቅ አድርገህ ይዘህ ወደ 20 አውርደውና ልቀቀው፤ በልቀቱ ጊዜ ታምቡሩ ይተነፍሳል። ናፍጣ ለመቆጠብ በፎሌ የሚወርድ ሹፌር አይቼ ዝም ማለት አልችልም። ይተርፋል የሚለው ናፍጣ የአንድ ታምቡር ዋጋ አይሆንም፤ የሰው ነፍስ ዋጋማ አይነሣም።

ታች ስትደርስ ሌላ ፈተና አለ። ታምቡሩ ግሎ ሳለ የእጅ ፍሬን ስበህ ምሳ አትግባ። ሸራው የጋለውን ብረት ጨብጦ እንደያዘው ሲቀዘቅዝ ክብነቱ ሊበላሽ ይችላል። ከተቻለህ ሜዳው ላይ ጥቂት በዝግታ ንዳና ይብረድ፤ ከዚያ ደልዳላ ቦታ ላይ በታኮ አቁመው። መሬቱ ተዳፋት ከሆነ ግን አትጠራጠር፣ የእጅ ፍሬኑን ሳብ፤ ታምቡር ይተካል። ረዳትህ ጀሪካን ይዞ ውሃ ሊያፈስበት ቢሮጥ ከልክለው። የጋለ ምጣድ ቀዝቃዛ ውሃ ሲያገኘው ምን እንደሚሆን እናቱ ቤት አይቷል።

ቁልቁለት ሳይኖርም ታምቡር ይቃጠላል። ፍሬኑ ያልተስተካከለ፣ መላሽ ስፕሪንጉ የደከመ ወይም ሸራውን የሚከፍተው ዘንግ የደረቀ ጎማ ሜዳ ላይም እየታሸ ይሄዳል። በቆምህ ቁጥር ዙርና እጅህን ሳታስነካ ወደ እያንዳንዱ ጎማ አስጠጋ፤ አንዱ ከሌሎቹ ተለይቶ የሚጋረፍ ከሆነ እዚያው መፍትሔ ፈልግለት። ሳይቃጠል በቅጠል። የተሳቢው ፍሬን ከሞተም ሸክሙ ሁሉ በፊተኛው መኪና ላይ ይወድቃል፤ «ተሳቢው የኔ አይደለም» የሚል ሹፌር ታምቡሩን በገዛ እጁ እያቃጠለ ነው።

ጎሚስታው ጎማ ሲያስር አጠገቡ ቁም። ታምቡሩ የሚቀመጥበት ሞዞ ላይ ዝገትና ቆሻሻ ከቀረ ታምቡሩ ዘሞ ይቀመጣል። ዳዶዎቹ በዙር ተራ ሳይሆን በመስቀለኛ፣ በመኪናው መጽሐፍ የተጻፈው ልክ ድረስ ይጠብቁ፤ ቧንቧ በቁልፍ ላይ ሰክቶ ያለ ልክ መወጠር ጉልበት እንጂ ሙያ አይደለም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታልና ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከሄድህ በኋላ እንደገና ፈትሻቸው።

ከተጣመመ በኋላ ቶርኖ ቤት መውሰድ ይቻላል፤ ግን በመለኪያ ነው። ታምቡሩ ላይ የተጻፈ የመጨረሻ ስፋት አለ። ከዚያ ካለፈ፣ ወይም ስንጥቁ ከዳር እስከ ዳር ከደረሰ፣ ማስላጥ ብረቱን ያሳሳዋል እንጂ አያድነውም፤ የሳሳ ታምቡር ደግሞ ይበልጥ ቶሎ ይግላል። ስትቀይርም የአንዱን አክስል ግራና ቀኝ አብረህ ቀይር፤ አለዚያ መኪናው ወደ አንድ ወገን ይስብሃል። ያጣመመውን ምክንያት ሳታገኝ አዲስ ብትገጥም ያው ነገር ይደገማል፤ ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ።

ባለንብረቱ «ይህችን ጉዞ ብቻ ጨርስልኝ» ሊልህ ይችላል። ጭነቱ ይቸኩላል፣ ክፍያውም ያጓጓል። ታምቡሩ ተሰንጥቆ ወደ አባይ አትውረድ፤ በትሕትና እምቢ በለው፣ ቢቆጣም ይቆጣ፣ ሳይቀየር ቁልፉን አትቀበል።